ላፕቶፕ ከቤት ኢንተርኔት ጋር አልገናኝ ሲል ጥፋቱን በተራ ስለ መፈለግ

ኢንተርኔት ለተማሪ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ሲቋረጥ የሚሆነውን ግን ልብ ብለን አስበነው አናውቅም። የቧንቧ ውሃ ቢያቆም «ውሃ ሄደ» ይባልና ጀሪካን ይፈለጋል። ኢንተርኔት ሲያቆም ግን ነገሩ ለዓይን ስለማይታይ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ሌላ ሰው አያጣም፤ ወይ ጐረቤት ነው፣ ወይ አከራይ ነው፣ ወይ አብሮ አዳሪ ጓደኛ ነው። እኛም በዚሁ አኳኋን ንጹሕ ሰው ጠርጥረን አስቀይመናል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ጥፋት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ምሕንድስና አልተማርንም። የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ። ዳሩ ግን ከዚህ በታች የምናቀርበው ካቻቢቴ የሚያስይዝ ሥራ አይደለም። ጥያቄን ከቅርቡ ጀምሮ በተራ መጠየቅና መልሱን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አለመዝለል ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። ሦስት ሆነን ከግቢ ውጭ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የኢንተርኔቱ መስመር የአከራያችን የእትዬ ነው፤ ራውተሩም የተቀመጠው በሳሎናቸው ቡፌ ላይ ሲሆን ከአቧራ እንዲጠበቅ ዳንቴል ተደርቦበታል። እኛ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ጥቂት ብር ጨምረን በዋይፋዩ እንጠቀማለን። በዚያ ወር ኪራዩ ሁለት ሳምንት ዘግይቶብን ነበር።

ከሦስታችን አንዱ ቴርም ፔፐሩን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መላክ ነበረበት። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ ቈየና ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መጣ። ላፕቶፑ ያገለገለ፣ ባትሪውም የሞተ ስለ ሆነ ያለ መብራት አይሠራም። ተከፈተ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ገጽ ሲጠራ በገጹ ፈንታ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሌላ ገጽ ቢጠራም ያው ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥቂት መስመር ነበረ። ሦስታችንም የሰው ጽሑፍ በማንበብ ማርክ የሚሰጠን ተማሪዎች ሆነን ሳለ አንዳችንም አላነበብነውም። ስልኮቻችንን ብንሞክር ደግሞ ይከፍታሉ። እንግዲህ አንዱ «ላፕቶፑን ለይተው አግደውብን ነው፤ ነገሩ የኪራዩ ነው» ሲል ሌሎቻችን «እውነት ነው» አልን።

ወዲያው ወደ ሳሎኑ ሄድን። «እትዬ፣ ኪራዩን እንከፍላለን ብለንዎት የለም ወይ? እንዴት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱን ይዘጉብናል?» አልናቸው። እሳቸውም ደንግጠው «እኔ ልጆቼ፣ ያን ሣጥን አቧራውን ከማራገፍ በቀር ምን ዐውቅበታለሁ? እኔ የማውቀው ልጄ ከቤሩት በኢሞ ስትደውል ማንሣት ብቻ ነው፤ አሁንም ስታነጋግረኝ ነበር» አሉን። ይህ ቃል ራሱ ማስረጃ ነበር። ልጃቸው በዚያው መስመር ስታነጋግራቸው ከነበረ መስመሩ ደኅና ነው ማለት ነው። እኛ ግን እንደ ማመካኛ ቈጠርነው። ከዚያም የባሰ ሠራን። እናስተካክለዋለን ብለን ራውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተን አበራነው፤ አልሆነም። ከዚያ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወግተን ያዝናት።

ያቺ ቀዳዳ ራውተሩን የምታስነሣ ሳትሆን ውስጡ የተመዘገበውን ሁሉ ደምስሳ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የምታደርግ ናት። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ፣ አገልግሎት ሰጪው ለእትዬ መስመር የሰጠው የመግቢያ ስም፣ ሁሉም ጠፋ። በዚያች ሌሊት የቤቱ ሰው በሙሉ ያለ ኢንተርኔት አደረ። ባለሙያ መጥቶ እስኪያስተካክለው ሁለት ቀን ቈየ። በነዚያ ሁለት ቀኖች የእትዬ ልጅ እየደወለች አላገኘቻቸውም። በሰው አገር ያለ ሰው በለመደው ሰዓት ደውሎ እናቱን ሲያጣ ምን ምን እንደሚያስብ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ቴርም ፔፐሩ በማግስቱ በፍላሽ ተገልብጦ ከኢንተርኔት ቤት ተላከ፤ ስለ ዘገየም ማርክ ተቀነሰበት። በሦስተኛው ቀን ራውተሩ ተስተካክሎ ስልኮቹ ሁሉ ሲሠሩ ላፕቶፑ እንደ ፊተኛው እምቢ አለ። ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ ወደ ኋላ እንናገራለን፤ ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ማታ ልናደርገው ይገባን የነበረውን እናስረዳ።

ከላፕቶፑ እስከምንፈልገው ገጽ ድረስ ያለው መንገድ አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ቀለበቶች ሰንሰለት ነው። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ክፍል በሬዲዮ ሞገድ ከራውተሩ ጋር ይነጋገራል፤ ራውተሩ ከመስመሩ፣ መስመሩ ከአገልግሎት ሰጪው፣ አገልግሎት ሰጪውም ከተቀረው ዓለም ጋር ያገናኛል። በላፕቶፑ ጥግ ላይ የምትታየው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ መሆኗ የሚነግረን ከሳሎኑ የሚመጣው ሞገድ ብርቱ መሆኑን ብቻ ነው። ከሳሎኑ ወዲያ ስላለው ምንም አትመሰክርም። «ተገናኝቷል ይላል፤ ግን አይሠራም» የሚለው የዘወትር አቤቱታ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የታመመው ቤቱ ነው ወይስ ላፕቶፑ?» የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት ፈተና በቂ ነው። አንደኛው፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሌላ መሣሪያ መሞከር ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ስልኩ የሞባይል ዳታ በርቶበት ከሆነ ዋይፋዩ ቢሞትም በዳታው ገጽ ስለሚከፍት ፈተናው ሐሰተኛ መልስ ይሰጣል። ዳታውን አጥፍቶ መሞከር ግድ ነው። ሁለተኛው፣ ላፕቶፑን ወደ ሌላ ዋይፋይ መውሰድ ነው፤ የጓደኛ ስልክ ሆትስፖት ቢበራለት ይበቃል። በቤቱ ዋይፋይ ስልክ ከሠራ፣ ላፕቶፑም በሆትስፖቱ ከሠራ፣ ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ፓስወርድ ወይም አድራሻ ነው ማለት ይቻላል። ላፕቶፑ በሆትስፖቱም እምቢ ካለ ግን ራውተሩም እትዬም ነጻ ናቸው። እኛ ይህን ሁለተኛውን ፈተና በዚያች ማታ ብናደርገው ኖሮ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅብንም ነበር፤ መርፌም አንፈልግም ነበር።

ቤቱ ራሱ ታሞ ከተገኘ የሚታየው የራውተሩ መብራት ነው። በፋይበር መስመር በገባ ቤት በሣጥኑ ላይ ሎስ የምትባል መብራት ቀይ ሆና ከበራች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች ከውጭ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ቀጭኑ ገመድ ታጥፎ ወይም ተነቅሎ እንደ ሆነ ማየት፣ ካልሆነም ለአገልግሎት ሰጪው ስልክ መደወል እንጂ በላፕቶፑ ላይ የሚሠራ ሥራ የለም። መብራቶቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ለማንም የማይከፍት ከሆነ የወሩ ክፍያ ማለቁን መጠየቅ አይከፋም። ብዙ ሊቃውንት ከዚህ ላይ ደክመው ቈይተው በመጨረሻ ሒሳቡ ያልተከፈለ ሆኖ ተገኝቷል።

አጥፍቶ ማብራት የሚባለው መድኃኒት በእርግጥ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ራውተር ማለት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ለወራት ሳይጠፋ ሲቈይ ወይም መብራት ሄድ መጣ ሲልበት ማስታወሻው ይዘበራረቃል። ከሶኬቱ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቈይቶ መልሶ መሰካትና መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ መታገሥ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የዳነ በሽታ ነገ ሲመለስ አሁንም አይታወቅም። አስቀድሞ መብራቶቹን አይቶ በወረቀት ጽፎ ከዚያ ማጥፋት የተሻለ ነው። ራውተሩ በዳንቴል ታፍኖ ከጋለም ዳንቴሉን ማንሣት ነው፤ ይህን ለማለት ግን ከባለቤቷ ጋር መታረቅ ያስፈልጋል።

ጥፋቱ ከላፕቶፑ በኩል ከሆነ ሥራው ይበዛል፤ ስለዚህ ጥቂት እንቈይበት።

ላፕቶፑ የዋይፋዩን ስም ጨርሶ ካላየው በመጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ የሚባለው እንዳልበራ ይታይ። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ይህ በአንዲት ቁልፍ ስለሚበራ እጅ ሳያስበው ይነካዋል። እሱ ካልሆነ የሞገዱን ዓይነት ማሰብ ነው። የቤት ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። አምስቱ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን በቶሎ ያደክመዋል። ሁለት ነጥብ አራቱ ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል። አሮጌ ላፕቶፖች አምስቱን ጭራሽ የማያዩ አሉ፤ ስለዚህ የጓደኛ ስልክ የሚያየውን ስም ላፕቶፑ ባያይ የላፕቶፑ ዕድሜ እንጂ የሰው ክፋት አይደለም። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። በግቢው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል የተከራየ ተማሪ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ነው የሚያጠናው።

ስሙን አይቶ ፓስወርዱን ካልተቀበለ ሁለት ነገር ይጠርጠር። የመጀመሪያው የጽሕፈቱ ነው። በተለመደው የዋይፋይ አጠባበቅ ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የላቲን ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች ነው። አማርኛ ለመጻፍ የተጫነው መጻፊያ በርቶ ከሆነ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ ፊደሉም በነጥብ ስለሚሸፈን አይታይም። እንደኛ ሌሊቱን በአማርኛ ድርሰት ሲጽፉ የሚያመሹ ሰዎች ይህን አይርሱ። ሁለተኛው፣ ላፕቶፑ የድሮውን ፓስወርድ ይዞ መቅረቱ ነው። በራውተሩ ላይ ፓስወርዱ ሲለወጥ ስሙ ያው ከሆነ ላፕቶፑ በአሮጌው ቁልፍ አዲሱን በር ለመክፈት ይታገላል። ያን ዋይፋይ ፎርጌት ብሎ አስረስቶ እንደ አዲስ ማስገባት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአድራሻው ነገር ይመጣል። ማናቸውም መሣሪያ ወደ ራውተሩ ሲገባ ራውተሩ ቍጥር ያድለዋል፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ተራ ቍጥር እንደሚሰጠው ነው። ይህ ቍጥር አይፒ አድራሻ ይባላል፤ በብዙ ቤት በ192.168 ይጀምራል። ይህ ቍጥር ለቤት ውስጥ ብቻ የተተወ ስለ ሆነ የኛም ራውተር 192.168.1.1 ቢባል፣ በቤሩትም ያለ ራውተር 192.168.1.1 ቢባል አይጋጩም። በዚህ ዓይነት በአራት ክፍል የሚጻፉት አድራሻዎች ጠቅላላ ድምራቸው 4,294,967,296 ነው፤ ይህም ለዓለም ሕዝብ አይበቃም። በቤት ውስጥ ቍጥሮችን ደጋግሞ መጠቀም የተለመደው ስለዚህ ነው።

የላፕቶፑን ቍጥር ለማየት በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ በላቲን ፊደል ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብሎ ጽፎ ጥቁሩን መስኮት መክፈት፣ በዚያም ላይ አይፒኮንፊግ የሚለውን ቃል እንዲሁ በላቲን አያይዞ መጻፍ ነው። ብዙ መስመር ይወርዳል፤ የሚፈለገው በዋይፋይ ርእስ ሥር አይፒቪ 4 የሚለው መስመር ነው። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ተራውን አግኝቷል ማለት ይቻላል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ራውተሩ ቍጥር አልሰጠውም፤ ላፕቶፑ ሲጠብቅ ቈይቶ ለራሱ ቍጥር አወጣ። ቍጥር አዳዩ ሳያየው ራሱ በወረቀት ላይ 1 ብሎ ጽፎ የተሰለፈን ሰው ማን ያስተናግደዋል? መድኃኒቱ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ራውተሩን አንድ ጊዜ ማስነሣት ነው። ከዚያም ካልሆነ አንድ ሰው ቀድሞ በላፕቶፑ ላይ ቍጥር በእጁ ሞልቶ እንደ ሆነ ማየትና ወደ ራስ ሰር አሰጣጥ መመለስ ነው።

ቍጥሩ ደኅና ከሆነ በዚያው መስኮት ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ እንጠቀም። ይህን ያዘጋጀው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1983 ነበረ። ስሙን ያገኘው ባሕር ውስጥ ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ከሚፈልጉት መሣሪያዎች ነው። ሥራውም ያው ነው፤ ትንሽ መልእክት ይልካል፣ መልስ መምጣቱንና የፈጀውን ጊዜ ይነግራል። እኛ የወደድነው ጥያቄን በተራ ለመጠየቅ ስለሚመች ነው። በመጀመሪያ ፒንግ ብሎ የራውተሩን ቍጥር መጻፍ ነው፤ ቍጥሩ በአይፒኮንፊግ ውስጥ ዲፎልት ጌትዌይ በሚለው አጠገብ ይገኛል። ራውተሩ ከመለሰ እስከ ሳሎን ደርሰናል። ቀጥሎ 8.8.8.8 ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይህ ጉግል ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ለሕዝብ ያቀረበው አገልግሎት አድራሻ ነው። እሱ ከመለሰ ከአገር ወጥተን ተመልሰናል። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ደግሞ ጥፋቱ ከሳሎኑ ወዲያ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ስለዚህ ላፕቶፑን ትቶ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው። ከስልኩ ወዲያ ያለውም ሠራተኛ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ሲደውልለት «አጥፍተው ያብሩት» ከማለት አልፎ ይሰማል።

በመጨረሻ በቍጥር ፈንታ የአንድ ገጽ ስም ተጽፎ ፒንግ ይደረግ። ቍጥሩ መልሶ ስሙ «አልተገኘም» ከተባለ የጠፋው ስምን ወደ ቍጥር የሚተረጕመው ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ቤት የሚፈለገው «ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከሰማያዊው ሱቅ አጠገብ» ተብሎ እንጂ በቤት ቍጥር አይደለም። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው፤ እኛ በስም እንጠራለን፣ ማሽኖቹ የሚያውቁት ግን ቍጥር ነው፤ በመካከል ዲኤንኤስ የሚባል አስተርጓሚ አለ። ይህንንም ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ በእ.ኤ.አ. 1983 ነው የነደፈው። አስተርጓሚው ከጠፋ በላፕቶፑ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ የዲኤንኤሱን ቦታ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ብሎ መሙላት ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ለፒንግ ሆን ብለው የማይመልሱ ገጾች ስላሉ ስሙ ወደ ቍጥር ተተርጕሞ መልስ ባይመጣ ተርጓሚው በደኅና እየሠራ ነው።

በኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጠርጣራ መሆን የሚገባበት ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቱብና ቲክቶክ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ተማሪ ቪፒኤን የሚባለውን ጫነ። እገዳው ሲነሣ ቪፒኤኑ በላፕቶፑ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። እንደዚህ ያለ የተረሳ ቪፒኤን፣ ይልቁንም በነጻ የተገኘ፣ ከኋላው ያለው አገልጋይ ሲዘጋ መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ይቀመጣል። ፕሮክሲ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ፒንግ ሁሉ መልሶ ብራውዘር ብቻ እምቢ ሲል እነዚህን ሁለቱን አጥፍቶ ማየት ይገባል።

ድራይቨር መልሶ መጫንና በዊንዶውስ ውስጥ ኔትወርክ ሪሴት የሚባለው አለ። የመጨረሻውን ከሁሉ በኋላ እንጂ ከሁሉ በፊት አይሞክሩት፤ ላፕቶፑ ያስቀመጣቸውን የዋይፋይ ፓስወርዶች ሁሉ ያጠፋል። በመርፌ የምትወጋውን ቀዳዳ ግን የመስመሩ የመግቢያ ስም በእጅ ሳይኖር አይንኳት። ሌላው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ዲኤንኤሱን ለውጦ፣ ቪፒኤኑን አጥፍቶ፣ ራውተሩን አስነሥቶ የዳነለት ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ሁለቱን በከንቱ ለውጧቸዋል።

አሁን ወደኛ ላፕቶፕ እንመለስ። በሦስተኛው ቀን ራውተሩ ከዳነ በኋላ ይህን ሁሉ ፈተና አደረግን። አድራሻው 192.168 ነው። ራውተሩ መለሰ፤ 8.8.8.8 መለሰ፤ ስምም ተተረጐመ። ቪፒኤን የለም። በሆትስፖትም ያው ማስጠንቀቂያ መጣ። እንግዲህ የቀረው ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ብቻ ነበር። ታሪክ የሚያጠናው ጓደኛችን ተቀምጦ አነበበው። ከመስመሮቹ አንዱ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ነበረ።

በላፕቶፑ ጥግ ላይ 2017 ተጽፏል። ሦስታችንም ያንን ቍጥር በዚያች ማታ አይተነዋል፤ ዓመተ ምሕረቱም በእርግጥ 2017 ስለ ሆነ እንግዳ አልሆነብንም። ታሪክ የሚያጠናው ግን በየግርጌ ማስታወሻው «እ.ኤ.አ.» እያለ ሰባትና ስምንት ሲደምርና ሲቀንስ የሚውል ሰው ነው። «ይህ ማሽን የሚቈጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ደግሞ 2025 ነው» አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓት የምታስቈጥር ትንሽ ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ሳንቲም የምታህል ናት። በአሮጌ ላፕቶፕ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቍጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለ ላፕቶፑ በዚያች ማታ ቀኑ ተዛብቶ አገኘው፤ በግድግዳችን ላይ ካለው ካላንደር አይቶ ወሩን 9፣ ዓመቱን 2017 ብሎ ሞላ። ግንቦት ዘጠነኛ ወር አይደል? ሰዓቱን በእጅ ለመሙላትም ራሱን የሚያስተካክልበትን ክፍል አጥፍቶት ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑ የሚኖረው በፈረንጅ መስከረም 2017 ውስጥ ሆነ።

ይህ ለምን ገጽ እንደሚዘጋ ጥቂት እናስረዳ። ብራውዘር ከአንድ ገጽ ጋር ሲገናኝ ገጹ ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ያቀርብለታል፤ በወረቀቱም ላይ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለ። ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ወዲህ በታወቁት ብራውዘሮች ዘንድ አዲስ የሚወጣ እንዲህ ያለ ወረቀት እስከ 2025 ድረስ ከ398 ቀን በላይ ሊጸና አይችልም ነበር። ስለዚህ በ2025 ሥራ ላይ ያሉት ወረቀቶች በ2017 ለሚኖር ማሽን ገና ያልተወለደ ሰው የልደት ወረቀት ናቸው፤ ብራውዘሩም ሐሰተኛ ነው ብሎ ይመልሳቸዋል። ትክክሉን ነው ያደረገው። ስልኮቻችን ቀናቸውን ከመረቡ ስለሚወስዱ ምንም አልሆኑም፤ ለዚህ ነው «ላፕቶፑን ለይተው አገዱብን» ያሰኘን።

ስለ ሰዓቱም የሚጠይቁን አሉ። ላፕቶፑን በኛ አቈጣጠር፣ ማለት በስድስት ሰዓት ልዩነት የሚሞሉ ጓደኞች ስላሉ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት እንደ ሰባትና ስምንት ዓመት ገጾችን ሁሉ አያዘጋም። ነገር ግን የፋይሎችን ሰዓት ያዛባል፤ ሥራ መላኪያው ጊዜ በሚቈጠርበት ገጽም ላይ ሰውን ያሳስታል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ብሎ ዓመቱንም ሰዓቱንም በፈረንጅ መተው ይሻላል።

ዓመቱን 2025፣ ወሩን 5 ብለን ስናስተካክል የመጀመሪያው ገጽ ወዲያው ተከፈተ። አንዳችንም አልሳቅንም። ወደ ሳሎኑ ሄደን ለእትዬ ነገሩን ተናገርን፤ ጥፋቱ የኛ ካላንደር እንደ ነበረም አስረዳናቸው። «ታዲያ እኔ ምን በድዬ ነው ልጄን ሁለት ቀን ያጣኋት?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ኪራዩን በዚያው ሳምንት ከፈልን፤ በዚያ ማታ ከቤሩት ሲደወልም ለልጃቸው ምክንያቱን የተናገርነው እኛው ነን።

አሁን የመስመሩ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ በወረቀት ተጽፎ በቡፌው መሳቢያ ውስጥ አለ። ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዛውሯል። የላፕቶፑ ትንሽ ባትሪ ግን እስካሁን አልተለወጠችም፤ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥር ባለ ላፕቶፑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ጥጉን ነው።